ከፍትፍቱ ፊቱ፦ ለልጆቻችን መምህራንና ቴራፒስቶች ምን እንስጥ?

በዓል ሲቃረብ በትምህርት ቤት በር ላይ ከሚደጋገሙ ጥያቄዎች አንዱ «ለመምህሯ ምን ገዛሽ?» የሚለው ነው። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ይጠየቃል፤ ገና ሲደርስ፣ ፋሲካና ኢድ ሲቃረቡ፣ የትምህርት ዘመኑ ሲዘጋም እንዲሁ። ልጆቻቸው ከመደበኛው ክፍል በተጨማሪ ሕክምና የሚከታተሉ ወላጆች ደግሞ ጥያቄው ይበረታባቸዋል። ለክፍል መምህሩ ብቻ ሳይሆን፣ እዚህ ጅቡቲ በፈረንሳይኛው «ኦርቶፎኒስት» ለምንላቸው የንግግር ባለሙያና «ኪኔ» ለምንላቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም ማሰብ አለባቸው። የሰዉ ዝርዝር ይረዝማል፤ የወር ገቢው ግን ያው ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ያለኝን ሐሳብ ለወላጆች፣ ለተማሪዎችና ለመምህራን ላካፍል። ለልጆቻችን ለሚደክሙ ሰዎች የምንሰጠው ነገር በዋጋው ትንሽ ይሁን፤ ነገር ግን ልጁ በእነርሱ ድካም ምን እንደቻለ የሚናገር ይሁን። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት ለእንግዳ አቀባበል ቢሆንም ለዚህም ይሠራል። አንድ የንግግር ባለሙያ ልጁን የሚያገኙት በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ለአጭር ጊዜ ነው። በዚያች ጊዜ አንዲት ድምፅ ያስደጋግማሉ። «ር» ማለት አቅቶት በሩን «በል» የሚል ልጅ ወራት ሊፈጅባቸው ይችላል። ልጁ ግን «በሩን ዝጉ» ብሎ አጥርቶ የሚናገረው ምናልባት ማታ ቤቱ ውስጥ፣ ባለሙያዋ በሌሉበት ነው። ኪኔው እግሩን ሲያፍታቱለት የከረሙት ልጅ የአያቱን ቤት ደረጃ ሳይደገፍ ሲወጣ ኪኔው አያዩትም። መምህሩ ፊደል ያስቆጠሩት ልጅ መንገድ ላይ የሱቅ ታፔላ ማንበብ ሲጀምር የሚሰሙት አባትና እናት ናቸው። እነዚህ ሰዎች ዘሩን ይዘራሉ፤ አዝመራውን ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናየው እኛ ነን። እንግዲህ ከእኛ በቀር ማንም ሊሰጣቸው የማይችለው ስጦታ ይህ ወሬ ነው።

የእኔን ቤት ምሳሌ ላንሳ። ልጃችን አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ በሰፈር ሶማሊኛ፣ በባለሙያዋ ዘንድ ደግሞ ፈረንሳይኛ ይሰማል። ባለሙያዋ አማርኛ ስለማያውቁ ልጁ በቤቱ ምን ያህል እንደሚናገር ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ባለፈው ገና ታላቅ እህቱ በዚያ ዓመት የጀመራቸውን ቃላት በአንድ ወረቀት ላይ በአማርኛ ጻፈች፤ ከጎናቸው አነባበባቸውንና ትርጉማቸውን በፈረንሳይኛ አስቀመጠች። ውሃ፣ ና፣ ስጠኝ፣ በቃ፣ እማማ እያለ ሃያ ሦስት ደረሰ። ልጁ ከግርጌው መዳፉን ቀለም ነክሮ አተመበት። ባለሙያዋ ወረቀቱን ሲቀበሉ ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ቃል እንድናነብላቸው ጠየቁን። «በቃ» የሚለውን ለማለት ቢታገሉ «በካ» እየሆነባቸው ተቸገሩ። ልጁ ሳቀና «በቃ!» ብሎ አረማቸው። ያን ዕለት ያወጣነው ወጪ ወረቀትና ቀለም ብቻ ነው።

ይህ ዓይነቱ ስጦታ ከውጭ የመጣ አይደለም። የኢትዮጵያ ልጅ ለሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ ስጦታ ወረቀት ላይ የሳለው የእንቁጣጣሽ አበባ ነው። ሴቶቹ «አበባየሆሽ» እያሉ ሲዘፍኑ፣ ወንዶቹ ፀሐይ፣ አበባና መልአክ በቀለም ስለው በየጎረቤቱ ያድላሉ። አደይ አበባ ጅቡቲ አሸዋ ላይ አይበቅልም፤ የልጅ እጅ የሳለው አደይ ግን እዚህም ይፈካል። ስለዚህ ልጆቻችን ያንን ሥዕል ለዘመድና ለጎረቤት እንደሚያድሉ ሁሉ፣ አንዱን ለመምህራቸው፣ አንዱን ለቴራፒስታቸው ቢያስቀሩ ባህሉን አስፋፉት እንጂ አልለወጡትም።

በቀድሞው ትምህርትም ለመምህር የሚደረገው ክብር ከልጁ ውጤት ጋር የተያያዘ ነበር። ልጅ ዳዊት ሲደግም ወላጅ ይደግሳል፤ ጎረቤት ይጠራል፤ የኔታ በክብር ቦታ ይቀመጣሉ። በቁርኣን ቤትም ልጅ ሲያኸትም እንዲሁ ይደገሳል፤ ሼሁ ይመረቃሉ። የድግሱ ቁም ነገር እንጀራውና ሥጋው ብቻ አልነበረም። «ይህ ልጅ አነበበ፤ ያስነበቡትም እኚህ ናቸው» ብሎ በሰው ፊት መመስከር ነበር። መምህርን «የቀለም አባት» የሚያሰኘውም ይኸው ነው። የዛሬው ደብዳቤ የዚያ ምስክርነት ትንሽ ቅጂ ነው።

«ታዲያ በባዶ እጅ ይኬዳል ወይ?» የሚሉ ወላጆች አሉ። እውነት ነው፣ በእኛ ባህል በባዶ እጅ መሄድ ይከብዳል። ነገር ግን ሌላም የሚከብድ ነገር አለ። አንዱ ወላጅ ወርቅ ወይም ገንዘብ ያለበት ፖስታ ሲሰጥ፣ በከባድ መኪና ከወደብ ወደ አገር ቤት ሲመላለስ የሚኖረው አባት ወይም በሰው ቤት ሠርታ ልጇን የምታስተምረው እናት ምን ይሰማቸዋል? ልጆቹስ ምን ይማራሉ? መምህሩስ ቢሆኑ ውጤት ሲሞሉ ያ ፖስታ ትዝ እንዲላቸው ለምን እናደርጋለን? ልጁ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው ወላጅ ደግሞ ፍርሃቱ ይብሳል። «ካልሰጠሁ ልጄን ችላ ይሉብኛል» ብሎ ያስባል። በፍርሃት የሚሰጥ ነገር ስጦታ ሊባል አይችልም፤ ተቀባዩንም ያሳንሰዋል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ ኮሪያ በየዓመቱ ሜይ 15 የመምህራን ቀን ይከበራል፤ ተማሪዎች ለመምህራቸው የካርኔሽን አበባ መስጠትም የቆየ ልማድ ነበር። ሴፕቴምበር 28 ቀን 2016 በሥራ ላይ የዋለው የፀረ ሙስና ሕግ ግን አንድ ተማሪ በግሉ ለሚያስተምረው መምህር አበባ እንኳ እንዳይሰጥ እስከመከልከል ደረሰ። የተፈቀደው የተማሪዎች ተወካይ በሁሉም ፊት በግልጽ የሚሰጠው አበባ ነው። እኛ እስከዚያ ድረስ እንሂድ አልልም። ሐሳቡ ግን ይጠቅመናል፦ በጋራና በግልጽ የተሰጠ ትንሽ ነገር ማንንም አያሳፍርም፣ ማንንም ባለዕዳ አያደርግም።

ስለዚህ ቁሳቁስ መስጠት ከፈለግን ክፍሉ በአንድ ላይ ይስጥ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? እያንዳንዱ ቤተሰብ የቻለውን ይጨምር፤ ማን ስንት እንዳዋጣ አይጻፍ፤ ምንም ያላዋጣው ልጅም ስሙ በካርዱ ላይ ይግባ። ጊዜውም ከፈተናና ከውጤት መሙያ ሰሞን ይራቅ። የመምህራን ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄም የወላጅ ኮሚቴና የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ተቀምጠው የሚነጋገሩበት እንጂ በበዓል ስጦታ የሚሸፈን አይደለም። በየዓመቱ ኦክቶበር 5 የሚከበረው የዓለም የመምህራን ቀን የሚያስታውሰው፣ በ1966 የወጣውን የመምህራንን መብትና የሥራ ሁኔታ የሚመለከት ዓለም አቀፍ የውሳኔ ሐሳብ ነው። ቀኑ እንቁጣጣሽ ካለፈ ከሦስት ሳምንት ተኩል ገደማ በኋላ ስለሚውል፣ በትምህርት ቤታችን በግልጽ ለማመስገን የተመቸ ጊዜ ነው።

ጅቡቲ ውስጥ ምን ቢሰጥ ይመቻል ለሚለው ጥቂት ልጠቁም። ቸኮሌት በሙቀቱ ታክሲ ውስጥ ይቀልጣል፤ የተቆረጠ አበባም ቤት ሳይደርስ ይጠወልጋል። ከኅዳር 15 ጀምሮ ገና እስኪደርስ ብዙዎቹ መምህራኖቻችን ይጾማሉ፤ በሁዳዴም እንዲሁ። ስለዚህ ቅቤና እንቁላል ያለበት ኬክ በጾም ሰሞን ይዞ መሄድ ሰውን ማስጨነቅ ነው። በረመዳን ደግሞ ቀን ላይ የሚበላ ነገር አንስጥ፤ ለማፍጠሪያ የሚሆን ቴምር ግን ያማረ ነው። ለሁሉም የሚስማማ ከፈለጋችሁ ዳቦ ቆሎ ወይም የገብስ ቆሎ አለላችሁ። በዘይት የተሠራ ዳቦ ቆሎ ለጾመኛውም ለሙስሊሙም ይሆናል፤ ሙቀት አያበላሸውም፤ ልጁም ሊጡን በመቁረጥ ሊሳተፍ ይችላል። በባቡር ናጋድ የሚወርድ ዘመድ ያመጣው ቡና በትንሽ ከረጢት ተደርጎ ቢሰጥም ደስ ያሰኛል። ሽቶ ግን ለቴራፒስት ባይሆን ይመረጣል። ከሚያክሟቸው ልጆች መካከል ጠንካራ ሽታ የሚረብሻቸው አሉና።

ከሁሉ በላይ ግን ደብዳቤው አይቅር። ለመጻፍ ደራሲ መሆን አያስፈልግም፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አንደኛው፣ ልጁ በዓመቱ መጀመሪያ ምን ያቅተው እንደነበር፤ ሁለተኛው፣ አሁን ምን እንደቻለና የት እንዳያችሁት፤ ሦስተኛው፣ ለዚህ የረዳው የእሳቸው የትኛው ሥራ እንደሆነ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «በመስከረም ልጃችን ሰው ሲመጣ ከአልጋ ሥር ይደበቅ ነበር። ባለፈው ዓርብ ለእንግዳ በር ከፍቶ በእጁ ሰላም አለ። እርስዎ በየቀኑ ክፍል በር ላይ ቆመው ሰላም ሲሉት ስለለመደ ነው።» «ስለ ሁሉም ነገር እናመሰግናለን» ከሚል በወርቅ ቀለም ከታተመ ካርድ ይህ ይበልጣል፤ መምህሩ ከሠሩት ሁሉ የትኛው እንደሠራ ስለሚነግራቸው ለሚቀጥለው ልጅም ይጠቅማል።

ባለሙያው አማርኛ ካላነበቡ የልጁ ጽሑፍ በአማርኛ ይሁንና ፈረንሳይኛ የሚችል እህት ወይም ወንድም ከሥሩ ይተርጉመው። መጻፍ የማይችል ልጅ መዳፉን ያትም፤ መስመር ያስምር፤ ወይም ስጦታውን በእጁ ያቀብል። እኛ በእሱ ስም አሳምረን ከምንሠራው፣ እሱ አበላሽቶ የሠራው ይሻላል። የልጁን የሕክምና ጉዳይ ግን ሌላ ሰው ሊያነበው በሚችል ካርድ ላይ አንዘርዝር።

የሚረሱ ሰዎችም አሉ። ረዳት መምህሯ ልጁን ሽንት ቤት የምታደርሰው፣ ያለቀሰውን የምታባብለው ናት። ዘበኛው የሁሉንም ልጅ ስም ያውቃል። የመኪናው ሾፌር በዚያ ሙቀት ልጁ ቤት መግባቱን ሳያይ አይሄድም። የጽዳት ሠራተኛዋስ? ተማሪዎች ሆይ፣ ወላጆቻችሁ ስለ መምህሩ ሲያስቡ እናንተ እነዚህን አስቡ። አንድ ሥዕልና አንድ «እግዜር ይስጥልኝ» ከእናንተ እጅ ይበቃል።

ይህን ጉዳይ ከስጦታ በላይ የሚያደርገው ሌላም ምክንያት አለ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ይዞ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በማጣታቸው ነበር። ብዙ ወላጅ እንዲህ ያለውን ልጅ ከሰው ዓይን ሰውሮ በሚያሳድግበት ዘመን እሳቸው ልጃቸውን ይዘው በአደባባይ ተናገሩ። ዛሬም በእኛው ማኅበረሰብ መካከል «ልጄን ባወጣው ምን ይሉኛል» ብሎ ቤት የሚያስቀር ወላጅ ሊኖር ይችላል። አንዲት እናት በበዓል ቀን በሰው ፊት «ልጄ በዚህች ባለሙያ እጅ ውሃ ብሎ መጠየቅ ቻለ» ብትል፣ ያንን የሚሰማ ሌላ ወላጅ ሊነሣ ይችላል። ለባለሙያዋ የተሰጠው ምስጋና ለዚያ ወላጅም ተስፋ ይሆናል።

ለመምህራንና ለቴራፒስቶችም አንድ ነገር ልበል። ከልጆቻችን እጅ የተጣመመ ሥዕል ወይም ስሕተት ያለበት ደብዳቤ ስትቀበሉ፣ በልጁ ፊት ከፍታችሁ አንብቡት። ትልቅ ነገር ይዞ ለሚመጣ ወላጅም «ደብዳቤው ይበቃኛል» ብላችሁ በትሕትና መልሱ። ይህን ማለት ከእኛ ይልቅ ለእናንተ ይቀላል፤ እኛንም ከፉክክር ታሳርፉናላችሁ።

ይህ መጽሔት እጃችሁ ሲገባ ዓመቱ ተጠናቆ ይሆናል። ገና ክረምቱ ከፊታችን ነው፤ እንቁጣጣሽም ሩቅ አይደለም። ዛሬ ማታ ልጃችሁ ተኝቶ ሳለ፣ አምና የማይችለውን ዘንድሮ የቻለውን አንድ ነገር በደብተር ላይ ጻፉ። ስጦታው ከዚያ ይጀምራል። መልካም የዕረፍት ጊዜ፣ በሰላም ለአዲሱ ዓመት ያድርሰን።