ቢቱዋህ ሆቫ ብቻውን ቤታችንን አይጠብቅም

«ሆቫ ብቻ አድርግልኝ። ሕጉ የሚጠይቀው እሱን አይደለም እንዴ?» ከሮቫ ጊመል እስከ ሮቫ ዮድ ቤት፣ በአሽዶድ የምንኖር ወላጆች የቢቱዋህ ወኪል (ሶኼን) ፊት ተቀምጠን ወይም በስልክ ይህን ቃል ስንት ጊዜ ተናግረናል። መኪናዋ አሮጌ ናት። የተገዛችውም ለሥራ ነው፤ ገና ሳይነጋ ወደ ወደቡ፣ ወደ ፋብሪካው ወይም ወደ ጽዳት ሥራው ለመድረስ። ከቤት ኪራይና ከልጆች ወጪ የሚተርፈው ገንዘብ ትንሽ ስለሆነ ሕግ ያስገደደንን እንከፍላለን፣ ሌላውን እንተዋለን።

ሕጉ የሚያስገድደው ሆቫን ብቻ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ሆቫ ምን እንደሚከፍልና ምን እንደማይከፍል ሳይለዩ «ቢቱዋህ አለኝ» ብሎ መንዳት በመካከላችን ያሉ ቤተሰቦችን ዕዳ ውስጥ ሲከት አይተናል። ስለዚህ ሐሳባችንን ከመጀመሪያው በግልጽ እንናገራለን፦ ጻድ ጊመል የሌለው መኪና መንዳት ለድሃ ቤተሰብ ቁማር ነው። መንግሥትም ይህን ቁማር በሕግ መፍቀዱን ቢያቆም ይሻላል እንላለን።

አስቀድመን ለሆቫ የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። እስራኤል በ1975 ያወጣችው የመኪና አደጋ ተጎጂዎች ካሳ ሕግ ለተራ ሰው ጥሩ ሕግ ነው። በአደጋ አካሉ የተጎዳ ሰው «ጥፋተኛው ማን ነው?» ተብሎ ዓመታት በፍርድ ቤት መንገላታት የለበትም። ሹፌሩ ራሱ ቢያጠፋም ካሳ ያገኛል፤ ከሱ ጋር የተሳፈሩትም፣ መንገድ ሲያቋርጥ የተገጨ እግረኛም እንዲሁ። ሹፌሩና ተሳፋሪው ከተቀመጡበት መኪና ሆቫ፣ እግረኛው ከገጨው መኪና ሆቫ ይጠይቃሉ። የገጨው መኪና አምልጦ ቢጠፋ ወይም ሆቫ ባይኖረው ደግሞ ቃርኒት የሚባለው በሕግ የተቋቋመ ፈንድ ለተጎጂው ይከፍላል።

ይህ ሁሉ ግን ለሰው አካል ነው። ሆቫ የተሰበረ እግር ይከፍላል፤ የተሰበረ ፋኖስ አይከፍልም። የሌላ ሰው መኪና፣ አጥር ወይም የሱቅ መስኮት ብናበላሽ ሆቫ አንዲት ሸቅል አያወጣም። በሌላ ሰው ንብረት ላይ ያደረስነውን ጉዳት የሚከፍለው ጻድ ጊመል ነው። የራሳችንን መኪና ከአደጋ፣ ከስርቆትና ከእሳት የሚጠብቀው ማኪፍ ሲሆን በውስጡ ብዙውን ጊዜ ጻድ ጊመልንም ይይዛል። ማኪፍ ያለው ሰው ቢሆንም ሆቫን ለብቻው መግዛት አለበት፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

በመካከላችን ያለ አንድ አባት የደረሰበትን እንንገራችሁ። በአድ ሀሎም መግቢያ በኩል ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ መብራት ላይ የቆመች አዲስ መኪና ከኋላ ገጨ። ሰው አልተጎዳም፤ ተቃቅፈው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ተለያዩ። የአዲሷ መኪና ባለቤት ማኪፍ ስለነበረው የሱ ኩባንያ አሳደሰለት። ከወራት በኋላ ያ ኩባንያ ያወጣውን ገንዘብ እንዲመልስ ለአባታችን በዕብራይስጥ ደብዳቤ ላከ። እሱም «እኔ ሆቫ አለኝ፤ ኩባንያ ለኩባንያ ይነጋገሩ» ብሎ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። ቀጥሎ የፍርድ ቤት ክስ መጣ፤ እሱም መሳቢያ ገባ። መልስ የሚሰጥ ስላልነበረ ተፈረደበት፤ ጉዳዩ ወደ ሆጻአ ላፖአል ሄደ፤ በባንክ ያለው ሒሳቡ ታገደ። በመጨረሻ የጠበቃና የወለድ ወጪ ተጨምሮበት ዕዳው መኪናው ከተገዛበት ዋጋ በለጠ።

በአገራችን በሬ የጎረቤት አዝመራ ቢበላ ሽማግሌ ይቀመጥ ነበር። ጉዳቱ ይገመታል፣ የአጥፊው አቅም ይታያል፣ ካሳው ተቆርጦ እርቅ ይወርዳል። የቢቱዋህ ኩባንያ ግን ሽማግሌ አይልክም፤ ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው ሳይነበብ ቢቀመጥ ዝምታችን እንደ እሺታ ይቆጠራል። ለዚህ ነው ችግሩ የመንዳት ብቻ እንዳልሆነ የምንናገረው፤ የወረቀትና የቋንቋም ችግር ነው።

አንዳንዶች «የትም አገር እንዲሁ ነው» ይላሉ። እንዲሁ አይደለም። ብዙዎቻችን በ1984 በሞሼ ዘመቻ ወይም በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ስንመጣ የመኪና መድን ነገር አያሳስበንም ነበር። ዛሬ ግን ኢትዮጵያ ራሷ በ2005 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 799 የግዴታውን የሦስተኛ ወገን መድን ለሞትና ለአካል ጉዳት ብቻ አልተወችውም፤ በንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳትም እንዲሸፍን አድርጋለች። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንንም ብንጠይቅ፣ በካሊፎርኒያ ግዴታው ንብረትን ይጨምራል፤ ዝቅተኛው መጠን 5,000 ዶላር ነበር፣ ከጥር 2025 ጀምሮ ወደ 15,000 ዶላር ከፍ ብሏል። በእስራኤል ግን የንብረት ግዴታ የለም። የአካል ካሳው ከብዙ አገሮች የተሻለ ሆኖ ሳለ በንብረት በኩል በሩ ክፍት ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህም ይከብዳል፤ ልጆቻችንን ይመለከታል። ዓርብ ልጃችን ከጦር ሠራዊት ይመጣል፣ ደክሟል፣ ጓደኞቹን ማየት ይፈልጋል። «አባዬ፣ ቁልፉን ስጠኝ፤ ለአንድ ሰዓት ነው» ይላል። አባት እንዴት እምቢ ይበል? ነገር ግን በቢቱዋሁ ወረቀት ላይ ማን እንዲነዳ እንደተፈቀደ ተጽፏል። ዋጋው እንዲቀንስ ብለን ወጣቱን ሳናስመዘግብ ቀርተን ይሆናል። አዲስና ወጣት ሹፌር ሲጨመር ክፍያው እንደሚንር ሁላችንም እናውቃለን።

ሕጉ እዚህ ላይ ምሕረት የለውም። ያለ ቢቱዋህ የነዳ፣ ወይም ያለው ቢቱዋህ የእሱን አነዳድ የማይሸፍንለት ሹፌር ለራሱ የአካል ጉዳት ካሳ የማግኘት መብቱን ያጣል። እግሩ ቢቆረጥ እንኳ። ባለቤቱ ፈቅዶለት የነዳና ቢቱዋህ አለመኖሩን የማያውቅ፣ ማወቅም የማይጠበቅበት ሹፌር ወደ ቃርኒት የሚሄድበት መንገድ አለ፤ ግን ይህን ማስረዳት የሱ ሸክም ይሆናል። ቃርኒትም ለተጎጂዎች የከፈለውን ገንዘብ ያለ ቢቱዋህ ከነዳው ሹፌርና እንዲነዳ ከፈቀደው ሰው መልሶ የመጠየቅ መብት አለው። ያለ ሆቫ መንዳት ወንጀልም ስለሆነ ፍርድ ቤት መቅረብና የመንጃ ፈቃድ መነጠቅ ይከተላል። አንዲት ሰዓት የልጅን ዕድሜና የአባትን ቤት ልትወስድ ትችላለች። ልጅን መውደድ ስሙን ወረቀቱ ላይ ማስጻፍ ነው፤ ገንዘቡ ካልበቃ ደግሞ ቁልፉን መከልከል ነው።

ለሥራ መኪና የምንጠቀም ሰዎችም ወረቀቱን እንመልከት። መኪናው ለምን ዓይነት አገልግሎት እንደሚፈቀድ ተጽፎበታል። እየተከፈለን ሰው የምናመላልስ ወይም ዕቃ የምናደርስ ከሆነ ለግል መኪና የተገዛ ቢቱዋህ ላይሸፍነን ይችላል፤ ከመጀመራችን በፊት ለወኪሉ መንገርና መልሱን በጽሑፍ መቀበል ይገባል። ወደ ሥራ ስንሄድ ወይም ስንመለስ በመኪና አደጋ ብንጎዳ ደግሞ ጉዳዩ የሥራ አደጋም ነው። ከአሠሪው ቅጽ 250 አስሞልቶ ወደ ኩፓት ሖሊም መሄድ፣ ከዚያም ለቢቱዋህ ሌኡሚ ማመልከት ያስፈልጋል። መሥራት ላልቻልንባቸው ቀናት እስከ 91 ቀን ድረስ የደመወዛችን 75 በመቶ ይታሰብልናል። ብዙ ሰው ይህን መብት የሚያጣው ለአሠሪው «ቤት ነው የወደቅሁት» ብሎ ስለሚናገር ነው።

ሽማግሌዎቻችንና እናቶቻችንም «እኛ መኪና የለንም፣ አይመለከተንም» አይበሉ። አውቶቡሱ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ውስጥ የወደቀች እናት፣ ሲወርዱ የተጎዱ አባት፣ በመሻገሪያው ላይ የተገጩ ሽማግሌ ሁሉም በዚህ ሕግ ካሳ የማግኘት መብት አላቸው። «የኔ ጥፋት ነው፣ ሹፌሩን አላስቸግርም» ብሎ ዝም ብሎ ወደ ቤት መግባት የዋህነት ነው። ሹፌሩ ከኪሱ አይከፍልም። የአውቶቡሱን ቁጥርና ሰዓቱን መያዝ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄዶ «በአውቶቡስ ውስጥ ወደቅሁ» ብሎ ማስጻፍ፣ ለፖሊስም ማስታወቅ ነው። ሕክምናው በኩፓት ሖሊም ይሰጣል። ጊዜው ሰባት ዓመት ነው፤ ማስረጃ ግን ሰባት ዓመት አይቆይም።

እዚህ ላይ ስለ ጠበቃም አንድ ቃል። በአካል ጉዳት ካሳ የጠበቃ ክፍያ ጣሪያ አለው፦ ክስ ሳይመሠረት በስምምነት ካለቀ ከካሳው 8 በመቶ፣ ከክስ በኋላ በስምምነት ካለቀ 11 በመቶ፣ በፍርድ ካለቀ 13 በመቶ፣ ማዓም ሲደመር። ከዚህ በላይ የጠየቀ ጠበቃ ካለ ወንበሩን ትቶ መነሳት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሐሳባችን እንመለስ። ንብረትንም የሚሸፍን ግዴታ ይውጣ ስንል የሚቃወሙን ወንድሞች አሉ። «ሆቫውን መክፈል እንኳ አቅቶናል፤ ዋጋው በየዓመቱ ይጨምራል፤ ሌላ ግዴታ ቢጨመር ሰው ጭራሽ ያለ ቢቱዋህ ይነዳል» ይላሉ። ሐሳባቸው ቀላል አይደለም። ባለፉት ዓመታት የመኪና ቢቱዋህ መወደዱን ኪሳችን ያውቃል። ነገር ግን አንድ ነገር እንጠይቃቸው፦ የሀብታም መኪና ሲገጭ ሀብታሙ ማኪፍ አለው፤ የሚጎዳው ማን ነው? ጻድ ጊመል የሌለው ደሞዝተኛ ነው። የዚህ ክፍተት ዋጋ የሚከፈለው በእኛ ቤት ነው። ግዴታው ሁሉንም ሲይዝ ዝቅተኛ መጠን ያለውና ዋጋው የተወሰነ ቢቱዋህ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ለብቻችን በየስልኩ ስንለምን ግን ዋጋ የሚቆርጠው ሻጩ ነው።

ሕጉ እስኪስተካከል ድረስ ደግሞ ቢያንስ ይህ ይደረግ፦ ሆቫ ብቻ የሚሸጥ ወኪል ወይም ኩባንያ «ይህ የሌላ ሰው ንብረትን አይከፍልም» የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ገዢው በሚያውቀው ቋንቋ ይንገረው፣ በአማርኛም ጽፎ ይስጠው። አንዲት መስመር ናት፤ ብዙ ቤት ታድናለች።

እኛም የራሳችንን እናድርግ። ከመግዛታችን በፊት የካፒታል ገበያ፣ የቢቱዋህና የቁጠባ ባለሥልጣን በኢንተርኔት ባዘጋጀው ማስሊያ የሆቫን ዋጋ እናወዳድር፤ ልጆቻችን በአምስት ደቂቃ ያወጡልናል። ያለንን ቢቱዋህ «ሃር ሀቢቱዋህ» በሚባለው የመንግሥት ገጽ እንመልከት፤ ሁለት ጊዜ የምንከፍለው ነገር ሊገኝ ይችላል። ከዚያ በሚተርፈው ጻድ ጊመል እንጨምር። ወኪሉን አራት ነገር እንጠይቀው፦ ከስንት ዓመት በላይ ያለ ሰው ይነዳል? የንብረቱ ጣሪያ ስንት ነው? አደጋ ቢደርስ ከኪሴ የምከፍለው ስንት ነው? የሚያልቀው በየትኛው ቀን ነው? ያልተከፈለበት ወረቀት ቢቱዋህ ስላልሆነ ደረሰኙን እንያዝ። ያገለገለ መኪና ስንገዛም የሻጩ ቢቱዋህ አብሮን አይመጣም፤ በስማችን ሳናወጣ ቁልፉን አናዙር።

ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ በዚያው ሳምንት እናስነብበው፤ ለልጅ፣ ለጎረቤት፣ በማዘጋጃ ቤቶች ሥር ለሚሠራው ለሺል፣ ገቢያችን አነስተኛ ከሆነም ለፍትሕ ሚኒስቴር የነፃ የሕግ እርዳታ (ሲዩዓ ሚሽፓቲ)። ያ አባት የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቢያስነብብ ኖሮ በክፍያ ቀስ እያለ ሊስማማ ይችል ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እኛም ሆጻአ ላፖአል በር ካንኳኳ በኋላ ነው የምንሰበሰበው።

ዛሬ ማታ የመኪናውን ወረቀት ከመሳቢያው አውጥተን ከልጆቻችን ጋር እናንብበው። ማን እንደሚነዳ፣ ምን እንደሚከፈልና መቼ እንደሚያልቅ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቀው።