የተበደርነውና የጣልነው ቃል

በምኒልክ አደባባይ ዙሪያ ካሉት ሻይ ቤቶች ባንዱ ተቀምጦ «ስኳር ጨምሪልኝ» የሚል ወጣት፥ ከጥንታዊት ህንድ የመጣ ቃል መናገሩን ልብ አይለውም። በሳንስክሪት «ሻርካራ» ማለት ጠጠር ማለት ነበረ። የሸንኮራ ጭማቂ ፈልቶ ሲደርቅ ጠጠር ስለሚመስል ስሙ ለእርሱም ሆነ። ፋርሶች «ሸከር»፥ ዐረቦች «ሱከር»፥ ኢጣሊያኖች «ዙኬሮ» አሉት፤ እኛም «ስኳር» አልነው።

ይህን ይዘው «ቋንቋ ሁሉ ብድር ከሆነ፥ በየንግግራችን የባዕድ ቃል ብንሰካ ምን ነውር አለው?» የሚሉ አሉ። ነገሩን ገልብጠውታል። ስኳር ዕቃውን ተከትሎ የመጣ፥ የጎደለንን የሞላ ቃል ነው። «ይቅርታ» እያለ «ሶሪ» ማለት ግን ብድር አይደለም፤ በጎተራ እህል እያለ ደጅ መጥናት ነው። ይቅርታ የሚል በደሉን አምኖ ምሕረት ይለምናል፤ ሶሪ የሚል ብዙ ጊዜ ሳይቆም ያልፋል። ቃሉ ሲቀል ጸጸቱም አብሮ ይቀላል።

ምስክሩም ሩቅ አይደለም። ሰፈሩ ከጥንት አራዳ ይባላል፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የኢጣሊያ ወረራ ግን «ፒያሳ»ን ትቶልን ሄደ። ትርጉሙ ምንድን ነው? አደባባይ! ያልነበረንን ምን ሰጠን?

ወጣቶች ሆይ፥ የሌላችሁን ቃል ያለ እፍረት ተበደሩ፤ ያላችሁን ግን አትጣሉ። ወራሪዎች ያነሡት የምኒልክ ሐውልት ከነጻነት በኋላ ወደ ስፍራው ተመልሷል። ቃልን የሚመልሰው ግን መንግሥት ሳይሆን የተናጋሪው አፍ ነው።