ቧንቧው ስንት ጊዜ ሞቆ ቀዘቀዘ?

ያገለገለ የፋብሪካ መሣሪያ ሊገዛ የተነሣ ባለሀብት ደላላውን አስቀድሞ የሚጠይቀው «የስንት ዓመት ነው?» ብሎ ነው። የሂሳብ ሠራተኛውም የእርጅና ቅናሹን የሚያሰላው በዓመት ነው። መኪና ሲሆን ማንም ኪሎ ሜትሩን ሳያይ ገንዘብ አይቆጥርም። የእንፋሎት ቧንቧ ሲሆን ግን ኪሎ ሜትሩን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የቧንቧ ኪሎ ሜትር መሞቅና መቀዝቀዙ ነው። 100 ሜትር የካርቦን ብረት ቧንቧ ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ጫፎቹ የታሰሩ ስለሆነ ክርኑና ብየዳው ይወጠራል። አንድ ጊዜ ቢሆን ባልከፋ፤ በሺህ ጊዜ ሲደጋገም ግን ብረት ይደክማል፣ ይሰነጠቃል።

ማርክል የተባለ መሐንዲስ ከ70 ዓመታት በፊት በአሜሪካ ቧንቧዎችን እስኪያፈሱ ድረስ ወዲያና ወዲህ እያጠፈ የደረሰበት ውጤት፣ የዚያች አገር የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ላወጣው ቢ31.3 የተባለ ደንብ መሠረት ሆኗል። የደንቡ መነሻ 7,000 ሙሉ ዙር ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ተነሥቶ ለሚጠፋ ፋብሪካ 19 ዓመት ገደማ ማለት ነው። በቀን 3 ጊዜ ከሆነ በ20 ዓመት 21,900 ዙር ይመጣል፤ የሚፈቀደው ውጥረት ማባዣም ከ1 ወደ 0.81 ይወርዳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ይሁንና ውጥረት በ10 በመቶ ሲጨምር የቧንቧው ዕድሜ በ38 በመቶ ያጥራል።

ችግሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ሲዛር ቱን በመሳሰሉ የቧንቧ ውጥረት ማስሊያ ሶፍትዌሮች የዙሩን ጉዳይ የሚሞላው ሰው ነው። ካልሞላ ማባዣው 1 እንደሆነ ይቀራል፤ ሪፖርቱም «አልፏል» ብሎ ይወጣል። ኮምፒዩተሩ አልዋሸም፤ አልተጠየቀም እንጂ። ባለሀብቱ የሚያየው ደግሞ ማኅተሙን ነው።

ነገሩ የሩቅ አይደለም። ያለማቋረጥ እንዲሠሩ የተነደፉ አንዳንድ የአውሮፓ የጋዝ ኃይል ማመንጫዎች የፀሐይና የነፋስ ኃይል ከበዛ ወዲህ በየቀኑ መነሣትና መጥፋት ጀምረዋል። የ10 ዓመቱ መሣሪያ ከ20 ዓመቱ ያረጀ ሊሆን ይችላል። እዚህም ቢሆን መብራት በሄደ ቁጥር ቦይለሩ የሚበርድበት ፋብሪካ ዙሩን እያበዛ ነው። (እርግጥ ለድንጋጤ አያበቃም፤ ሙቀቱ በግማሽ ብቻ ወርዶ የተመለሰ እንደሆነ በደንቡ ስሌት 32ቱ ተደምረው ነው አንድ ሙሉ ዙር የሚሆኑት።)

ሻጮች «የዙር መዝገብ ማን ይይዛል?» ይላሉ። የቦይለር ክፍል የፈረቃ መዝገብ ያለው ፋብሪካ ግን የተነሣበትንና የጠፋበትን ሰዓት እዚያው ያገኘዋል። ስለዚህ መዝገቡ ከፕሮፎርማው ጋር ይቅረብ፤ በሪፖርቱ ላይ የተሞላው ዙርም ስንት እንደሆነ ይጠየቅ። መዝገብ ከሌለ የክርኖቹንና የብየዳዎቹን ስንጥቅ ማስመርመሪያ ወጪ ሻጩ ከዋጋው ላይ ይቀንስ።