የቀበሌ ምርጫችን ቀን የት ገባ?

የአገራዊ ምርጫ ቀን ሲቀየር ሁላችንም እንጮሃለን። ስድስተኛውን ምርጫ አስታውሱ፦ በረቂቁ ነሐሴ 10 ቀን 2012 ተባለ፣ ቀጥሎ ነሐሴ 23፤ ኮቪድ መጣና ተራዘመ፤ ከዚያ ግንቦት 28 ቀን 2013፣ በመጨረሻም ሰኔ 14 ሆነ። ፓርቲዎች ተከራከሩ፣ ፌስቡክም ጦፈ።

ክርክሩ ተገቢ ነበር። ነሐሴ ላይ የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል፤ ጣና ውስጥ ወዳለው ደቅ ደሴት የሚኬደውም በጀልባ ነው። ቀን የሚመርጥ አካል፣ ማን ወጥቶ ድምፅ መስጠት እንደሚችልም አብሮ እየወሰነ ነው።

ማንም ያልጮኸለት ግን የአካባቢ ምርጫ ነው። ለቀበሌ፣ ለወረዳና ለከተማ ምክር ቤቶች ድምፅ የሰጠነው ሚያዝያ 2005 ነበር፤ ለአምስት ዓመት። በ2010 ፓርላማው በአንድ ዓመት አራዘመው። በ2011 ደግሞ ከ2012ቱ ጠቅላላ ምርጫ ጋር ይካሄድ አለ። 2013 ላይ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የከተማ ምክር ቤታቸውን መረጡ፤ ባሕር ዳር አልመረጠችም። በ2005 የ17 ዓመት ልጅ የነበረ የባሕር ዳር ወጣት ዛሬ ሠላሳዎቹን እየነካ ነው።

ለእኛ ደግሞ ቅርቡ መንግሥት ቀበሌ ነው። መታወቂያ፣ የመኖሪያ ማረጋገጫ፣ ተደራጅቶ ሼድ መጠየቅ፣ ሁሉም እዚያ ይጀምራል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 50(4) ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል።

«የ2005ቱስ ምን ምርጫ ነበር?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ብዙ ተቃዋሚዎች ራሳቸውን አግልለው ኢሕአዴግ ወንበሩን ጠቅልሎ ወሰደው። ይሄ ግን የተሻለ ምርጫ ለመጠየቅ እንጂ ጭራሽ ለመተው ምክንያት አይሆንም። «በዚህ ጸጥታ እንዴት ይመረጣል?» የሚለው የበለጠ ይከብዳል። እኔም ነገ ይካሄድ አላልኩም።

ኢኮኖሚክስ የተማረም ያልተማረም የሚያውቀው ነገር አለ፦ የብድር መመለሻ ጊዜ ሊራዘም ይችላል፣ ቀኑ ከነጭራሹ ከጠፋ ግን ተበዳሪው ገንዘቡን የራሱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሥልጣንም እንደዚያው ነው። የቀበሌ ሹም የሚጠየቅበትን ቀን ካላወቀ የሚፈራው የበላዩን ነው፤ ሰልፍ ላይ የቆምነውን እኛን አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄው ቀላል ነው። ምርጫ ሲራዘም እስከ መቼና ለምን እንደሆነ አብሮ ይነገረን። ሠርግ እንኳ ሲተላለፍ ሽማግሌዎች ሌላ ቀን ይቆርጣሉ። ለቀበሌያችንም ቀን ይቆረጥልን።