የጓሮው ሰርቪስ ቤትና የድምፅ ንግድ

ዘፈናቸውን በሸክላ ካስቀረጹት ኢትዮጵያውያን መካከል የመጀመሪያው ተሰማ እሸቴ እንደ ሆኑ የታወቀ ነው። ዐፄ ምኒልክ የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር በላኳቸው ጊዜ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ ድምፃቸው በበርሊን ከተማ በሸክላ ተቀረጸ። እኒህ ሰው ከዚያ በኋላ የተጠሩበት ማዕርግ ነጋድራስ የሚል እንደ ነበረ ግን የነጋዴው ወገን ብዙ ጊዜ አያስታውሰውም። እንግዲህ የመጀመሪያው የሸክላ ዘፋኛችን ከንግድ ቤት የራቁ ሰው አልነበሩም ማለት ነው።

ሁለተኛውም ምስክር እንደዚሁ ነው። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን፣ በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው ወጣት የሙዚቃ መደብር ባለቤት ዐምሃ እሸቴ፣ በ1961 ዓ.ም. ገደማ ክልከላውን ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በራሱ ኩባንያ ስም አሳተመ። የሸክላ ማተሚያ በአገር ውስጥ ስላልነበረ፣ በአዲስ አበባ የተቀረጸው ድምፅ በመጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ በኋላም ወደ ሊባኖስ እየተላከ ይታተም ነበር። ዐምሃ በ1967 ዓ.ም. ከአገር እስኪወጣ ድረስ ከ100 የሚበልጡ ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አውጥቷል። ከእርሱ ቀጥሎ ዓሊ አብደላ ካይፋ፣ ካሴትም በመጣ ጊዜ አምባሰልን የመሳሰሉት ሙዚቃ ቤቶች ይህንኑ ሥራ ቀጠሉበት። ሁሉም ባለሱቆች ነበሩ። ገንዘባቸውን አውጥተው ያስቀረጹት ድምፅ፣ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በፈረንሳይ አገር «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም እንደ ገና ታትሞ በዓለም ገበያ ተሸጧል። ከ30 ዓመት በኋላ እንደ አዲስ የሚሸጥ ዕቃ በመደብራችን መደርደሪያ ላይ ስንት ይገኛል?

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለትዝታ ብለን አይደለም። በባሕር ዳር ከተማ ብዙው ባለግቢ ከዋናው ቤት ጀርባ ሰርቪስ ቤት አለው። አንዱ ማድ ቤት ያደርገዋል፤ ሌላው የተሰበረ ወንበርና ባዶ ጆንያ ያከማችበታል፤ ሌላውም በትንሽ ኪራይ ይሰጠዋል። ከእነዚህ ቤቶች ጥቂቶቹ በሚገባ ተሰናድተው የድምፅ መቅረጫ ስቱዲዮ ቢሆኑ ለባለቤቱም ለከተማውም የሚበጅ ንግድ ይሆናል የሚል አሳብ አለን። ነገር ግን ሥራው በግምትና በይሉኝታ ሳይሆን በእውቀትና በውል እንዲሠራ ያስፈልጋል።

ሥራው በዚህ ቦታ እንዲሆን የምንሻበት ምክንያት ግልጽ ነው። የጣና ዙሪያ የድምፅ ሀብት ያለበት አገር ነው። እቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴን ካሳነጹበት ከደቅ ደሴት ጀምሮ እስከ ጎጃም የቅኔ ቤቶች ድረስ ዜማና ቅኔ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ኖሯል። አዝማሪው ማሲንቆውን፣ እረኛው ዋሽንቱን ይዞ የሚዞረውም በዚሁ አገር ነው። ይሁን እንጂ አንድ የማሲንቆ ባለሙያ ድምፁን በደኅና መሣሪያ ላስቀርጽ ቢል፣ ሲሆን ሲሆን የሚታሰበው 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አዲስ አበባ ናት። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የተነሣው ግጭት ደግሞ መንገዱን ምን ያህል እንዳከበደው ጭነት የላከ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። የቅርብ ጸበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው፣ በእጃችን ያለውን ንቀን ከሩቅ የሚመጣውን ስንጠብቅ፣ ሽማግሌው ከነዜማው ያልፋል። የሞተ ድምፅ በማንኛውም የውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ አይመለስም።

አሁን ወደ ቤቱ አሠራር እንግባ። በዚህ ሥራ ገንዘብ የሚባክነው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ በማየት ነው። የውጭው ድምፅ እንዳይገባ መከልከል አንድ ነገር ነው፤ በክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ድምፅ ማለዘብ ሌላ ነገር ነው። ለመጀመሪያው የሚያስፈልገው ክብደትና ቀዳዳ የሌለው ግንብ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚንቀው ወፍራም የጭቃ ግድግዳ፣ ስንጥቁ ከተመረገ፣ ውስጡ ባዶ ከሆነው ብሎኬት ሊሻል ይችላል። በሩ ከባድ ጣውላ ሆኖ ዙሪያው በላስቲክ ካልታሸገ ግን የግድግዳው ውፍረት ሁሉ ከንቱ ነው፤ አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ድምፅ ያልፍበታልና።

ከሁሉ የከፋው ጠላት ጣሪያው ነው። በባሕር ዳር ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማንም ድምፅ መቅረጽ አይችልም። ስለዚህ ከቆርቆሮው በታች ከባድ ኮርኒስ፣ ይኸውም ሁለት ድርብ ሆኖ ከጣሪያው እንጨት ጋር በቀጥታ እንዳይነካካ ተደርጎ፣ በመካከሉም ጭረታም ነገር ተሞልቶ ሊሠራ ይገባል። ይህን ወጪ የፈራ ሰው ስቱዲዮው በዓመት አራት ወር ሥራ እንደሚፈታ አስቀድሞ ይቁጠረው።

ሁለተኛው ጉዳይ የክፍሉ ማስተጋባት ነው። ብዙዎች የእንቁላል መያዣ ካርቶን በግድግዳው ላይ ይለጥፋሉ። ይህ ለዐይን ስቱዲዮ ያስመስላል እንጂ ጥቅሙ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ የውጭ ድምፅንም አይከለክልም፤ በእሳትም ቶሎ ይያያዛል። ድምፅን የሚውጠው አየር የሚያስገባ ወፍራም ጭረታም ነገር ነው። ውፍረቱ ዋና ነገር መሆኑን በቁጥር እናስረዳ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ፣ እንደ ከበሮ ያለው፣ የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ተኩል ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ይህን ያህል ሞገድ በአንዲት ስስ ምንጣፍ አይገታም። ስስ ምንጣፍ ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ስለሚውጥ፣ ክፍሉ የታፈነና የሚያጉረመርም ይሆናል። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ወፍራም መጠቅለያ በማዕዘኖቹ ላይ ማቆም ይበጃል። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው እኩል የሆነ ክፍልም አይመረጥ፤ አንዱ ድምፅ ብቻ እየጎላ ሌላውን ይሸፍነዋልና።

እዚህ ላይ ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች የምንለው አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። እንግዲያው ከውጭ መምጣት ያለበትና የሌለበት ይለይ። ማይክሮፎን፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፁን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው መሣሪያ ከውጭ ይመጣሉ፤ ማምለጫ የለውም። ድምፅ የሚውጠውን ስፖንጅ በካርቶን ጭኖ ማምጣት ግን አየርን በዶላር እንደ መግዛት ነው። የበግ ጠጉር፣ ባናና ዝተት፣ የጥጥ ተረፈ ምርት በአገራችን ሞልቷል። ባሕር ዳር ራሷ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ ናት። ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም በሐይቁ ዳር ይበቅላል፤ በወፍራሙ ታስሮ ለመሸፈኛ ቢሞከር ለሸማኔውና ለአናጢው አዲስ ሥራ ይከፍታል። ጥጥም ደንገልም ተቀጣጣይ ስለሆኑ ከኤሌክትሪክ መስመር እንዲርቁና እሳት ማጥፊያ ከበሩ አጠገብ እንዲቀመጥ አጥብቀን እናሳስባለን። የመሬት ሽቦ በሚገባ ያልተቀበረለት ቤት በቀረጻው ሁሉ ላይ የኤሌክትሪክ ጉምጉምታ እንደሚያሰማ፣ መብራት በድንገት ሲጠፋም ያልተቀመጠ ሥራ እንደሚጠፋ ታውቆ፣ ደኅና ኤሌክትሪክ ሠራተኛና ዩፒኤስ ከወጪው መዝገብ አይጉደሉ።

«በዛሬው ዘመን ሁሉም ሰው በስልኩ ይቀርጻል፤ ስቱዲዮ ለምን?» የሚል ይኖራል። ስልክ ለወሬ ይበቃል። ለሬዲዮ ማስታወቂያ፣ ለመጽሐፍ ንባብ፣ ለትምህርት ቤት መማሪያና ለሽያጭ ለሚቀርብ ዘፈን ግን ገዢው የጠራ ድምፅ ይሻል፤ የጠራ ድምፅም ከጸጥተኛ ክፍል እንጂ ከውድ ስልክ አይገኝም። «ጎረቤት ይታወካል» የሚለው ተቃውሞ ግን እውነት አለበት። ድምፅ እንዳይገባ የተዘጋ ቤት ድምፅ እንዳይወጣም የተዘጋ ስለሆነ፣ መልሱ ከላይ የተናገርነው ግንብና በር ነው።

የመጨረሻውና ዋናው ነገር ውሉ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም ለድምፅ ቅጂ አዘጋጁም ለ50 ዓመት የሚጸና መብት ሰጥቷል፤ መብትም የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። አንድ አዝማሪ ለአንድ ቀን ድካሙ ጥቂት ብር ተቀብሎ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ድምፁ ለዓመታት ሲሸጥ እርሱ ምንም ባያገኝ፣ ይህ ንግድ አይባልም። እህል በሚዛን እንደምንገዛ ሁሉ ድምፅንም በሚዛን እንግዛ፤ ሚዛኑም ውሉ ነው። በገዳማትና በአድባራት የሚሰማው ዜማ ደግሞ ያለ አበው ፈቃድ ሊቀረጽ፣ ለሽያጭም ሊቀርብ አይገባውም።

ስለዚህ ምክር ቤታችን ሦስት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ለእንዲህ ያለው አነስተኛ ስቱዲዮ የንግድ ፈቃድ የሚወጣበትን መንገድ ለአባላቱ በግልጽ ያስረዳ። ሁለተኛ፣ ሁለት ገጽ የማይሞላ፣ አዝማሪውም ተነቦለት የሚገባው የውል አብነት በአማርኛ ያዘጋጅ። ሦስተኛ፣ የተቀረጸው ሁሉ አንድ ቅጂ በሌላ ቦታ እንዲቀመጥ ባለስቱዲዮዎችን ያግባባ።

ገንዘብ ያለው ነጋዴ ግቢውን ዞሮ ይመልከት። ጆንያ የተከመረበት ያ ሰርቪስ ቤት ዛሬ የሚሰጠው ኪራይ ጥቂት ነው፤ በእውቀት ቢሠራና በቅን ውል ቢተዳደር ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ሸቀጥ ሊወጣበት ይችላል።