ለታላቁ ሩጫ ማን ይሂድ? ማን ይቅር?





ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10 ሺሕ ተሳታፊዎች ከተጀመረ ወዲህ፣ ወራቱ በደረሰ ቁጥር በመሥሪያ ቤቶቻችን «ዘንድሮስ ማን ይሄዳል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሩጫው 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከዲቾቶ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ግን ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ይኸውም በሰመራ፣ በሚሌ፣ በገዋኔና በዓዋሽ በኩል ከጅቡቲ የጭነት መኪናዎች ጋር እየተጋፉ የሚሄዱበት ነው። (የዓዋሽ ሰዎች ባቡር ስላላቸው ከእኛ ይሻላሉ።) ስለዚህ ማን እንደሚሄድ የሚወስነው ከእግሩ ብርታት ይልቅ የቤቱ ሁኔታ ነው።

ወንደላጤው ምን ቸገረው? ሐሙስ ያስባል፣ ዓርብ ይነሣል፣ ቅዳሜ ማታ ከጓደኛው ጋር በአንድ ፍራሽ ያድራል። አዲስ ተጋቢዎችም እንዲሁ ናቸው። ነገሩ የሚለወጠው የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ ነው። ያን ጊዜ ባል ብቻውን ይሄዳል፤ ሚስት ሕፃን ታቅፋ ትቀራለች። «ልጁ ትንሽ ይጠና፤ የዛሬ ዓመት አብረን እንሄዳለን» ይባላል። የዛሬ ዓመት ሁለተኛው ልጅ ይመጣል። የማውቃቸው ሁለት ባለትዳር ሴቶች፣ ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኞች፣ በተማሪነታቸው ወንድሞቻቸውን የሚቀድሙ ሯጮች ነበሩ። ዛሬ የሩጫውን ካናቴራ የሚያውቁት በማጠብ ነው። ሕፃን ይዞ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ መንገላታት ቀልድ አለመሆኑን አልክድም። ነገር ግን ልጁ ጡት ከተወ በኋላ ባልስ አንዱን ዓመት ቀርቶ ልጅ ቢይዝ ምን ይጎድልበታል?

ለሩቅ ጉዞም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ቡድናችን የግብፅን ቡድን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ ጨዋታው አዲስ አበባ ስለ ነበረ የልጆች አባትም ቢሆን አይቶ ማታ ቤቱ ሊገባ ይችል ነበር። ከ51 ዓመት በኋላ፣ በዚያው በጥር 13 ቀን፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በኔልስፕሩይት ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ስንለያይ ግን ስታዲየሙን ያደመቁት በዚያው አገር የሚኖሩ ስደተኞች ወገኖቻችን ነበሩ። ወደዚያ የሚሰደደው ደግሞ አብዛኛው ወጣት ወንድ መሆኑ የታወቀ ነው። ልጆቹን ለጎረቤት አደራ ብሎ ከዚህ በአውሮፕላን የሄደ የመንግሥት ሠራተኛ እኔ አላጋጠመኝም።

ልጆቹ ያደጉለት ሰውስ? እርሱ አዲስ አበባ የሚማረውን ልጁን ለመጠየቅ መሄዱ ስለማይቀር ጉዞውን ከሩጫው ቀን ጋር ያገጣጥማል፤ ማደሪያም አያጣም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ትምህርት ቤት የገቡ ልጆች ያሉት ቤት ነው። መሄድ የሚገባው እርሱ ነበርና። ለልጆች ተብሎ ለብቻው የሚደረግ ሩጫ አለ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ መንገዱን ተኝቶም ቢሆን ይችለዋል። ዘጠነኛ ክፍል ከደረሰ ግን ከአባቱ ጋር መታየት ያፍራል፤ ይህን በየቀኑ አየዋለሁ። እንግዲህ ጊዜው ጠባብ ነው። በዚህች ጠባብ ጊዜ ላይ የሰኞ ትምህርት ይጨመርባታል፤ እሑድ አዲስ አበባ የሮጠ ቤተሰብ ሰኞ ጧት ዲቾቶ ሊገኝ አይችልም። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ስለ ሆነ ያለ ምክንያት መቅረትን አልወድም። ሆኖም ወላጅ አስቀድሞ በጽሑፍ ካስታወቀ አንድ ቀን መፍቀድ አይከብድም።

ስለዚህ ለሠራተኞቻቸው ካናቴራ የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች ዘንድሮ ባል ከሄደ ለከርሞ ለሚስት ቢያስቡላት፣ የትምህርት ቤት ባልደረቦቼም በዚያ ሰኞ የሚሰጠውን ፈተና ወደ ረቡዕ ቢያዛውሩት መምህሩንም ተማሪውንም የሚጎዳ አይመስለኝም።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከዲቾቶ