ይቅርታ የምጠይቃት ተማሪ አለችኝ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ታገሱኝ።

ነገሩ በ2009 ዓ.ም. ነው። ለአይሲቲ ክፍለ ጊዜ "ቀላል ድረ ገጽ ሥሩ" ብዬ ፕሮጀክት ሰጠሁ። አንዷ ተማሪ መካኒሳ ላለው የእናቷ ሱቅ የዋጋ ዝርዝር ሠርታ መጣች፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ ዘይት። ገጹ ይሠራል። ኮዱን ስከፍተው ግን ኤችቲኤምኤሉ ጃቫስክሪፕቱ ውስጥ ገብቷል። እኔ ደግሞ "ኤችቲኤምኤል በራሱ ፋይል፣ ጃቫስክሪፕት በራሱ ፋይል" እያልኩ ነው ዓመቱን ሙሉ የከረምኩት። ከ20 ማርክ 5 ቀነስኩባት። በዚያ ላይ ክፍሉ ፊት "ይሄ ኮድ ሳይሆን ፍርፍር ነው" አልኩ። ሁሉም ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም ጻፈችልኝ። "ቲቸር ሰላም ነህ? ያ ፍርፍር እኮ እንጀራ ሆነልኝ።" አሁን በሪአክት ነው የምትሠራው። የዕለት ሥራዋ ኤችቲኤምኤል የሚመስል ነገር ጃቫስክሪፕት ውስጥ መጻፍ ነው። ጄኤስኤክስ ይባላል።

ተሳስቼ ነበር፤ ግን ብቻዬን አልነበርኩም። ፌስቡክ ሪአክትን እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ሲያደርግ ብዙ ፕሮግራመሮች ስንት ዓመት የለያየነውን መልሳችሁ ቀላቀላችሁት ብለው አጣጥለውት ነበር። ከሪአክት ሰዎች አንዱ ፒት ሃንት በዚያው ዓመት የሰጠው መልስ ባጭሩ፣ የለያያችሁት ቋንቋዎቹን እንጂ ጉዳዮቹን አይደለም የሚል ነው።

የሱቁን ዝርዝር እንውሰድ። የበርበሬ ዋጋ ሲጨምር ቁጥሩ ቀይ ይሁን ብትሉ፣ ቁጥሩ አንድ ፋይል ውስጥ ነው፣ የሚያቀላው ትእዛዝ ሌላ ፋይል ውስጥ። አንዱን ስትነኩ ሌላውንም መንካታችሁ አይቀርም። ታዲያ ምኑ ተለያየ? ጄኤስኤክስ አንዱን የዋጋ መስመር ከነመልኩ ከነሥራው አንድ ቦታ ያስቀምጠዋል። አንዴ ጽፋችሁ ለሽሮም ለምስርም ትጠቀሙበታላችሁ።

እርግጥ የእሷ ኮድ ያኔ ጄኤስኤክስ አልነበረም። ጽሑፍ በጽሑፍ ላይ እየቀጠለች ነው የሠራችው። ያ አደጋ አለው፤ አንድ ሰው ስም መጻፊያው ላይ ኮድ ቢያስገባ ገጹ ላይ ሊሠራ ይችላል። ጄኤስኤክስ ግን እንዲህ ያለውን በነባሪው እንደ ተራ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያሳየው። ያን ቀን ማስረዳት የነበረብኝ ይህንን ነበር። እኔ ግን ቀለድኩ።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ስሕተት እያየሁ ነው። በሐምሌ 2016 የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ ስለ ኮዲንግ የሚጠይቀኝ ተማሪ በዝቷል፤ ደስ ይላል። ግን ብዙዎቹ ኤችቲኤምኤልና ጃቫስክሪፕትን ዘለው ሪአክት ላይ ነው መውጣት የሚፈልጉት። ልጆች፣ ጄኤስኤክስ ኤችቲኤምኤል አይደለም! ብሮውዘር አያውቀውም። ቤብልን የመሰለ መሣሪያ መጀመሪያ ወደ ተራ የጃቫስክሪፕት ፈንክሽን ጥሪ ይቀይረዋል። "ክላስ" የሚለው "ክላስኔም" የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ክላስ በጃቫስክሪፕት የተያዘ ቃል ነው። ጥምዝ ቅንፉ ውስጥ "ኢፍ" የማይገባውም ለዚህ ነው፤ እዚያ የሚገባው ዋጋ የሚመልስ ነገር ብቻ ነው። ይህን ያልተረዳ ልጅ ስሕተት በመጣበት ቁጥር ቻትጂፒቲ ላይ ለጥፎ የመጣለትን መገልበጥ ብቻ ነው ዕጣው።

ፊንላንድ የሚኖረው ኢትዮጵያዊው አሳብነህ የታየህ ጊትሃብ ላይ በነጻ ያስቀመጠውን "30 ቀን ሪአክት" ክፈቱት። የመጀመሪያው ቀን ሪአክት አይደለም፤ የጃቫስክሪፕት ክለሳ ነው። ሰውየው የሚያደርገውን ያውቃል።

ስለዚህ ተማሪዬ፣ ይቅርታ። 5ቷን ማርክ መልሼልሻለሁ፣ ካርድሽ ላይ ባትገባም። እኔም ከእንግዲህ "እንዲህ አይጻፍም" ከማለቴ በፊት "ለምን እንዲህ ጻፍሽው?" ብዬ እጠይቃለሁ።

ያልተስማማችሁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አለሁ። ፍርፍር ናት ብላችሁ እንዳትስቁ ብቻ።